ጥናትና ደጅ ጥናት

ጎረቤቶች «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲሏት፣ እናቷ «ታጠናለች» ትል ነበር። መጀመሪያ ላይ ይህ መልስ የሚያኮራ ነበር። ልጂቱ ሠላሳዎቹን መጋፋት ስትጀምር ግን የጎረቤቶቹ ፊት ተለወጠ። አንዷማ ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ፣ እጆቿን ዘርግታ እየተለካች፣ «እስካሁን? ምነው፣ አላልፍ አላት እንዴ?» አለች።

እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ሥራ ላይ ስትሆን ስፒል በከንፈሯ ስለምትይዝ ነገር ማብራራት አትወድም። የዚያን ዕለት ግን ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና፣ ልጇ የምታጠናው ለፈተና ሳይሆን ልጆች ትምህርታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ ለማወቅ መሆኑን፣ ለዚህም ደመወዝ እንደምታገኝ አስረዳች። ጎረቤቲቱ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ይህን ለማወቅ ያን ያህል ዓመት መድከም እንደማያስፈልግ፣ እሷን ቢጠይቋት በአንድ ቃል እንደምትነግራቸው፣ ቃሉም «ስንፍና» እንደሆነ ተናገረች። እናትየው ስፒሎቹን መልሳ በአፏ ያዘች።

«መርማሪዋ» የሚለውን ስም ያወጣላት ግን አባቷ ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት እንደመጣች ከጠረጴዛው ጥግ ትቀመጥና ይሄ ሽቦ ለምንድን ነው ትለዋለች፤ ይነግራታል። እሱስ ለምን ትላለች፤ አሁንም ይነግራታል። ሦስተኛው «ለምን» ላይ ሲደርሱ የመበየጃውን ብረት ያስቀምጥና፣ «መርማሪዋ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከዚህ በላይ ጠበቃዬ በሌለበት አልናገርም» ይላታል። ስሙ ቤት ውስጥ ተለመደ፣ ከቤት ወደ ሰፈር ወጣ፤ እውነተኛ ስሟ ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ብቻ የሚሰማ ነገር ሆኖ ቀረ።

መርማሪዋ ሥራ የጀመረችው በመምህርነት ነው። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች፤ ድምፅዋ ቀጭን፣ ትዕግሥቷ ወፍራም። ማስተማር በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ተነሣና ብዙ ቤተሰብ ልጁን አዝሎ፣ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ከተማው መጣ። ልጆቹም በየክፍሉ ተከፋፈሉ። ለእሷ ከደረሷት አንዷ ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልገባ ያላት ረዥም ልጅ ነበረች። ልጅቱ ቀኑን ሙሉ ዝም ትላለች። የክፍሉን ሥራ ከሁሉም ቀድማ ትጨርስና ጎረምሶች የሚጨነቁበትን ክፍልፋይ በደብተሯ ጀርባ ላይ ስትደምርና ስትቀንስ ትውላለች። ነገሩ ሲጣራ በአገሯ ስድስተኛ ክፍልን ጀምራ ነበር። ማስረጃዋ ከቤቷ ጋር ስለተቃጠለና የአገሩን ቋንቋ ስለማታውቅ ሦስተኛ ክፍል አስገቧት።

መርማሪዋ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብታ ለምን አለች። መመሪያ ነው አሏት። መመሪያውስ ለምን እንዲህ ሆነ አለች። ከላይ የመጣ ነው አሏት። ላይ ያለው ማን ነው ስትል ርዕሰ መምህሩ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። እሷም አየች። ከዝናብ የተረፈ ክብ የውሃ ምልክት ካልሆነ በቀር እዚያ ማንም አልነበረም።

እንግዲህ «ላይ» የሚባለውን ቦታ ፈልጋ ለማግኘት ነው ራሷ ወደ ትምህርት የተመለሰችው። ሁለተኛ ዲግሪ ሠራች፣ አልደረሰችበትም። ሦስተኛ ዲግሪ ሠራች፣ ትንሽ ቀረብ ያለች መሰላት። በዚህ መሃል አባቷ አረፈ። ዶክተር መባሏን ሳያይ ቀረ ብላ አለቀሰች፤ እናቷ ግን፣ አባትሽ ገና በስድስት ዓመትሽ ነው የመረቀሽ፣ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ አለቻት።

ከዚያ በየአገሩ የስደተኛ ልጆችን ትምህርት የሚደግፍ አንድ ትልቅ ድርጅት ቀጠራት። አንገቷ ላይ ፎቶዋ ያለበት መታወቂያ ተንጠለጠለ፤ አውልቂው እስኪሏት ድረስ ቤተ ዘመድ ጥየቃም ይዛው ትሄድ ነበር። አፏም ተለወጠ። ማስተማር ቀርቶ «አቅም መገንባት» ሆነ። ችግር የሚባለው ነገር ከምድር ጠፍቶ «ተግዳሮት» ብቻ ቀረ። አንድ ቀን እናቷ ቤት ተቀምጣ ስለ «ባለድርሻ አካላት» ስታወራ እናትየው መቀሷን አቆመችና፣ «አካላት ስትዪ፣ እጅና እግር ነው?» አለቻት። ወላጆችና መምህራን ማለት ነው ስትላት፣ «ታዲያ ወላጆችና መምህራን ብትይ ማን ይከስሻል?» ብላ መቁረጧን ቀጠለች።

ዓመታቱ በአውሮፕላንና በአዳራሽ አለቁ። ያላየችው አገር ጥቂት ነበር፤ ያየችውም ቢሆን አብዛኛውን ያየችው በስብሰባ አዳራሽ መስኮት ነው። ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ ቆማ፣ በድንኳን ውስጥ ስለሚማሩ ልጆች በሥዕል አስደግፋ ትናገራለች፤ ሰዎች አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ የሻይ ሰዓት ይደርሳል። ነገሩ አንዳንዴ ከነከናት። ግን ሻዩ ጥሩ ነበር፣ ብስኩቱም እንደዚያው፤ ስለዚህ መከንከኑን ለሚቀጥለው ስብሰባ ታሳድረዋለች።

አንድ ቀን ድርጅቱ በአገሯ ወዳለ የስደተኞች መጠለያ ላካት። ጥናቱ፣ ልጆች ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ለምን ትምህርት ያቋርጣሉ የሚል ነበር። መጠለያው በሜዳ ላይ የተዘራ የቆርቆሮና የሸራ ከተማ ነው። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ጣራው ያጨበጭባል፤ መምህራኑም ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆመው መጠበቅ ለምደዋል። መርማሪዋ ወፍራም መጠይቅ አዘጋጅታ ነበር። አንዳንዱ ጥያቄ ከመርዘሙ የተነሣ አስተርጓሚው መሃሉ ላይ ሲደርስ መነሻውን ይረሳዋል።

በስምንተኛ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ልጆቹ «ደጋሚዋ» የሚሏት ልጅ ተቀምጣለች። መርማሪዋ ወደ ክፍሉ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የልጅቱን ከንፈር ነው። መምህሩ በተናገረ ቁጥር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዴም ይቀድመዋል። መምህሩ ምሳሌ ሲጠፋበት ወደ እሷ ያያል፣ እሷም በዝግታ ታስታውሰዋለች። መርማሪዋ እንዲህ ዓይነት ልጅ እንዴት ወደቀች ብላ ተገረመች። ከትምህርት በኋላ ጥላ ሥር አስቀምጣ መጠይቋን ዘረጋች።

ስምንተኛ ክፍልን ስንት ጊዜ ተማርሽ አለቻት። ይሄ ሦስተኛዬ ነው አለች ልጅቱ።

«ለምን ደገምሽ?»

«ስላለፍኩ።»

መርማሪዋ መጠይቁን አየች። በጥያቄው ሥር አራት ሳጥኖች አሉ፤ በሕመም፣ በሥራ ጫና፣ በውጤት ማነስ፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠችና እንደ ድሮው፣ እንደ አባቷ ሱቅ፣ እሱስ ለምን ብላ ጠየቀች።

ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት የአገሪቱን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። የስደተኛ ልጆች ደግሞ ለዚያ ፈተና መቀመጥ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ቤቱ ይቀመጣል፣ ወይ የጨረሰውን እንደገና ይጀምራል። ደጋሚዋ፣ ቤት ከምቀመጥ ብላ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ያንኑ መጽሐፍ ከገጽ አንድ ትከፍታለች። መጽሐፉ መልመዷን እንጂ መሰልቸቷን አላየም።

በዚያው ሰሞን መርማሪዋ ከአንድ ሰው ጋር ተጣላች። ሰውየው የድርጅቱ የውሃ መሐንዲስ ነው። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ባዶ ቦታ ላይ ለውሃ ታንከር ካስማ ተክሎ አገኘችው፤ እሷ ደግሞ ቦታዋን ለመማሪያ ክፍል አስባታለች። የተማረ ሰው ውሃ ይጠማዋል አላት። የጠጣ ሰውም መሃይም ሊሆን ይችላል አለችው። መሐንዲሱ ከቧንቧ ወሬ ውጭ ሁለት ዓረፍተ ነገር አከታትሎ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ከእሷ ጋር ግን እንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ሳምንት ሙሉ ተከራከረ። በመጨረሻ ቦታውን ለሁለት ከፈሉት። ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ።

እናትየው አማቿ ምን እንደሚሠራ ጠየቀች። «ውሃ ያወጣል» ተባለች። በደስታ ተነፈሰችና፣ ተመስገን፣ ይሄን እንኳ ለጎረቤት መናገር ይቻላል አለች።

መርማሪዋ ስለ ፈተናው ጥናቷን ጻፈች፣ አሳመረች፣ ባለ ቀለም ሽፋን አለበሰችና ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ይዛው ሄደች። «ላይ» ማለት በመጨረሻ አራተኛ ፎቅ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ፎቅ የፈተና ጉዳይ ኃላፊ የሆኑ አንድ ሰው ተቀምጠዋል። ሠራተኛው ሁሉ ከጀርባቸው «አቶ ይታያል» ይላቸዋል፤ የቀረበላቸውን ነገር ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ስለሚሸኙ። ክፉ ሰው አይደሉም። እምቢ ብለው አያውቁም፤ እሺም ብለው አያውቁም። ጥናቷን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፣ ሽፋኑን አደነቁ፣ ጀርባቸው ካለው መደርደሪያ ላይ ከብዙ ወንድሞቹ ጋር አቆሙትና፣ «ይታያል፣ ዶክተር» አሏት።

በወሩ ተመለሰች። ይታያል። ከዝናቡ በኋላ ተመለሰች። ይታያል። መደርደሪያው ላይ ያለውን የራሷን ሽፋን በሩቁ ታየዋለች፤ በእርግጥም ይታይ ነበር፣ አቧራው እስኪሸፍነው ድረስ። ባሏ ዓለም አቀፍ ልምድሽ ይሄው ነው ወይ እያለ ይስቅባታል።

«ድሮ ጥናት ነበር ሥራሽ» አላት አንድ ቀን ጫማዋን ስታወልቅ፤ «አሁን ደጅ ጥናት ሆነ።»

ተቆጣች፤ ግን እውነቱን ነበር። ሰው በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያያት አዲስ የተቀጠረች እየመሰለችው ፎቶ ኮፒ የት ነው ይላት ጀመር። የኃላፊው ጸሐፊ የሆኑት ሴትዮ ደግሞ ወረቀት ማጠፍ እንኳ በወግ የሚሠሩ ሰው ናቸው። መርማሪዋን ከመልመዳቸው የተነሣ ሳትመጣ የቀረች ቀን ደውለው ደህንነቷን ይጠይቃሉ። ከእሳቸው ጋር ስታወጋ ነው አቶ ይታያል በጉብዝናቸው ዘመን የሒሳብ መምህር እንደነበሩ፣ ወደ ቢሮ ከመጡ ወዲህ ግን አንድም ክፍል ረግጠው እንደማያውቁ የሰማችው። ወደ መጠለያው መጥተው እንዲያዩ ጋበዘቻቸው። ምን እንዳሏት መናገር አያስፈልግም።

የመጡት በሌላ ሰው ዕድል ነው። መሐንዲሱ ለመጠለያው ትምህርት ቤት የሠራው የውሃ ቦኖ ተጠናቅቆ ለምረቃ ደረሰ። ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ተፈለገ። የተጠሩት ትልቁ ሰው ስብሰባ ገጠማቸውና ለምክትላቸው አስተላለፉት፤ ምክትሉም ለበታቻቸው። ነገሩ እንደ ውሃ ቁልቁል ወረደና አቶ ይታያል ላይ ቆመ። ከዚያ በታች የሚያስተላልፉለት ሰው አልነበረም፤ ጸሐፊያቸው ሪባን ለመቁረጥ አልተሾሙም።

ጥቁር ኮት ለብሰው በጠራራ ፀሐይ ደረሱ። መጠነኛ ንግግር አደረጉ፣ ሪባኑን ቆረጡ፣ ቧንቧውን ከፈቱ። ቧንቧው አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ። ልጆቹ ከትህትና የተነሣ ለባዶው ቧንቧ አጨበጨቡለት። መሐንዲሱ ፊቱ ተለዋወጠና ችግሩ የት እንደሆነ ሊያይ በመስመሩ ላይ ሩጫ ጀመረ። እንግዳው ላባቸው በአንገታቸው ይወርድ ጀመር። መርማሪዋ ትንሽ ጥላ ጋ ይረፉ ብላ ወሰደቻቸው። በአቅራቢያው ያለው ጥላ የስምንተኛ ክፍል ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው፤ መምህሩ ለምረቃው ወጥቷል። ሰሌዳው ላይ የእኩልታ ጥያቄ ግማሹ ተሠርቶ ቆሟል። አቶ ይታያል ገብተው ተቀመጡ። ሰሌዳውን አዩ። ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። መልሰው አዩት። ከዚያ የሚያሳክከው ሰው እንደሚነሣ ተነሡና ጠመኔውን አነሡ።

መጀመሪያ የጀመሩት አንዱን ጥያቄ ለመጨረስ ብቻ ነበር። ጨርሰው ማን ያልገባው አለ አሉ። እጆች ወጡ። ሌላ ጨመሩ። ኮታቸውን አወለቁና የሚሰቅሉበት ሲያጡ ለፊተኛው ተማሪ አስያዙት። ደጋሚዋ እንደ ልማዷ መልሱን ጥያቄው ሳያልቅ ሰጠቻቸው፤ ስለዚህ ከመጽሐፉ ወጥተው ከራሳቸው ጭንቅላት አንድ ከባድ ጥያቄ ፈጠሩላት። ልጅቱ ደነገጠች፣ ግንባሯን አኮማተረች፣ ደብተሯ ላይ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆይታ ቀና ስትል ፊቷ በርቶ ነበር። መልሱ ልክ ነው። እጃቸው ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ክንዳቸው ድረስ ደርሷል፤ መርማሪዋ በአራተኛ ፎቅ አይታው የማታውቀው ሰው ነበር የቆመው።

ከዚያ ደጋሚዋ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ፈተናው መቼ ነው?»

የትኛው ፈተና አሉ፣ እያወቁ። ወደ ዘጠነኛ የሚያሳልፈው አለች። መርማሪዋ በሩን ተደግፋ ያን የለመደችውን ቃል ጠበቀች።

«ይታ…» አሉና ቆሙ። ጠመኔውን በሁለት ጣታቸው አገላበጡት። ቃሉ ከአፋቸው አልወጣ አላቸው፤ ፊት ለፊታቸው ከከባድ ጥያቄ ጋር ታግላ ያሸነፈች ልጅ ቆማለች። በመጨረሻ በቀስታ፣ «ጥያቄሽን ይዤው እሄዳለሁ» አሉ።

«እሺ» አለች ልጅቱ፤ «እኛ እዚሁ ነን።»

በውጭ ውሃው መጣና ሰዉ ተንጫጫ። ክፍሉ ውስጥ ግን የተነሣ ልጅ አልነበረም።

መልስ ጉዞ ላይ መኪናው አስፋልት ላይ ሲወጣ አቶ ይታያል ወደ መርማሪዋ ዞረው፣ «እርስዎ ነዎት ያዘጋጁት» አሏት። ምኑን ብትል፣ ልጅቱን፣ ሰሌዳውን፣ ቧንቧውንም አሉ። ልጅቱን እናቴ ትሙት አላዘጋጀሁም፤ ስለ ቧንቧው ግን ባሌን ይጠይቁ አለች። ባሏ ተጠየቀ። አንድ ሰው መዝጊያውን በስህተት ዘግቶት ነው አለ፤ እስከ ዛሬም ቃሉን አልለወጠም። ሚስቱ መርማሪ ሆና ሳለ ከእሱ ያገኘችው መልስ ይኸው ብቻ ነው።

ነገሩ በአንድ ጀምበር አላለቀም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የመርማሪዋ እንቁላል ግን በቅድሚያ የእግር ኮሚቴ ተቋቋመለት። ልጆቹ በምን መታወቂያ ይፈተኑ፣ የት ይፈተኑ፣ ውጤቱን ማን ያጽድቅ እየተባለ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ተደረበ። ልዩነቱ አሁን ስብሰባውን የሚጠሩት አቶ ይታያል ራሳቸው መሆናቸው ነው። «ይታያል» ማለት ትተው፣ «ምን ይጎድላል?» ማለት ጀመሩ። ሠራተኛው ግራ ተጋባ፤ አሞአቸዋል ያለም ነበር።

የፈተናው ቀን የመጠለያው ልጆች የታጠበ ልብስ ለብሰው፣ እርሳስ እንደ ጦር ሞርደው ተሰለፉ። መርማሪዋ ወደ ግቢው እንዳትገባ ተከለከለች፤ ፈታኝ አይደለችም፣ ተፈታኝም አይደለች። ስለ ፈተናው ባለ ቀለም ሽፋን ጥናት የጻፈች ሴት ከወላጆቹ ጋር አጥሩን ይዛ ቆማ ጥፍሯን በላች። አጠገቧ የቆሙ አንዲት እናት እያዩ አዘኑላትና የትኛው ነው ያንቺ ልጅ አሏት። ሁሉም ብትል እብድ እንዳይሏት ፈርታ፣ ያቺ ከኋላ ያለችው ብላ ወደ ደጋሚዋ ጠቆመች።

ውጤቱ ሲመጣ ደጋሚዋ አልፋለች። ከልጆቹ ከግማሽ በላይ ግን ወድቀዋል። ሒሳብ ላይ ጎበዞች ነበሩ፤ ቋንቋው ነው የጣላቸው። በቤታቸው በማይናገሩት፣ በትምህርት ቤትም በቅጡ ባልተማሩት ቋንቋ ነው የተጠየቁት። መርማሪዋ ይህን እንዳለ ጻፈችው። አለቃዋ አልወደደውም። በዋናው ቢሮ «ታሪካዊ ስኬት» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶው ተዘጋጅቷል፤ የወደቁት ቁጥር ይቅር አላት። ለጋሾች ምን ይላሉ?

«‹ለምን?› ይላሉ» አለችው፤ «መልሱም አለኝ።»

እሺ፣ ቢያንስ «ወደቁ» የሚለውን ቃል አለስልሺው አላት። አለሰለሰችው፤ «ገና አላለፉም» ብላ ጻፈች፤ ቁጥሩን ግን አልነካችውም። ለዚህ ዋጋ ከፈለች። በዚያ ዓመት ይሰጣታል ተብሎ የተነገረላትን ሹመት በቅርቡ የተቀጠረ፣ መታወቂያው ገና አንገቱን ያልለመደ ጎረምሳ ወሰደው። ምንም አልመሰለኝም አለች ለሰው ሁሉ። እናቷ ጋ ሄዳ ግን የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እናቷም ነገሩን ጠይቃ ሳትጨርስ አብራት አለቀሰች፣ ከዚያ ያንን ጎረምሳ ሳታየው ረገመችው፣ ከዚያ ተነሥታ ለልጇ ሻይ ጣደች።

አቶ ይታያል ግን ያን ሪፖርት አነበቡት። አጭር ስለነበር ነው ይላሉ ሲጠየቁ። አንብበው ዝም አላሉም፤ ከሰዓት በኋላ የሚያስተምሩ የቋንቋ መምህራን ወደ መጠለያው ላኩ። በሚቀጥለው ዓመት ያለፉት ካላለፉት በለጡ። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመትም በለጡ።

አንድ ነገር ሲቃና ሌላው ይጣመማል። ገና በመጀመሪያው ዓመት ያለፉት ልጆች ዘጠነኛ ክፍልን የት ይማሩ? መጠለያው ሁለተኛ ደረጃ የለውም። መርማሪዋ ወደ አቅራቢያው ከተማ ትምህርት ቤት ሄደች። ርዕሰ መምህሯ ቁልፍ በወገባቸው የታጠቁ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት ናቸው። ልጆቹን አልጠላሁም፣ በየትኛው ክፍል ላስቀምጣቸው አሏት። መርማሪዋ የጥናት ውጤት ልትጠቅስ አፏን ስትከፍት እጇን ይዘው ወሰዷትና በየክፍሉ አስጎበኟት። እውነትም መርፌ የሚጥል ቦታ የለም። ከሁሉም በስተጀርባ ግን አንድ የተቆለፈ ክፍል ነበር። ምንድን ነው ብትል፣ የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ አሏት። ምን ያህል ወንበር ነው ብትል፣ እኔ ከመጣሁ ከፍተነው አናውቅም አሏት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞከሩ። በሩ ሲከፈት ወንበሮቹ እስከ ጣራ ተቆልለዋል። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ ርዕሰ መምህሯ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ዶክተሯም ባለ ተረከዝ ጫማዋን አወለቀች። እስከ ቀትር ሲያወጡ ዋሉ። ግማሹ ወንበር ሚስማር እንጂ ሌላ አልጎደለውም ነበር።

አሁን ደጋሚዋ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ስሟን ለማስቀየር ብዙ ትጥራለች፤ የክፍል ጓደኞቿ ግን እምቢ ብለዋታል። ቅዳሜ ከሰዓት መጽሐፏን ይዛ ወደ መርማሪዋ ቤት ትመጣለች። ባለፈው ቅዳሜ ስለ ግፊት የሚለው የፊዚክስ ምዕራፍ አልገባኝም ብላ መጣች። መርማሪዋ መጽሐፉን ተቀብላ አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ መነጽሯን አጸዳችና እንደገና አነበበች። ከዚያ እውነቱን ተናገረች።

«እኔም አልገባኝም፣ ልጄ። ቆይ ጋሼን ልጥራልሽ።»

መሐንዲሱ እንቅልፉን ትቶ ወጣ። ስለ ግፊት የሚጠይቀው ሰው ካጣ ዘመን ሆኖት ነበር። ባልዲ አስመጣ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሦስት ቦታ በሳ፣ ውሃ ሞላበትና የታችኛው ቀዳዳ ለምን አርቆ እንደሚረጭ ማስረዳት ጀመረ። ልጅቱ ገባት። ሚስቱ ግን ገና ነበረች፤ እሱስ ለምን አለች። መለሰላት። እሱስ አለች። ወለሉ ውሃ በውሃ ሆኗል። መሐንዲሱ ጠርሙሱን በሁለት እጁ እንደያዘ ወደ ልጅቱ ዞረና፣ አንቺ የገባሽን እስቲ ለእሷ አስረጂልኝ፣ እኔ ጨርቅ አመጣለሁ አለ። ልጅቱ ወንበሯን አስጠጋች።